«እርጅና ነው» ስለ ማለት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድ የ78 ዓመት ወዳጄ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ራሳቸውን ያዞራቸው ነበር። እኔም «እርጅና ነው» አልኋቸው። ተማሪዎቼን ምክንያት ፈልጉ ስል የኖርሁ ሰው፥ ለነገሩ ስም ብቻ ሰጥቼ አለፍሁ። ይህ ስንፍና ነው ወይስ በደል? ከደጃቸው ደረጃ ላይ እስኪወድቁ ድረስ አላሰብሁበትም።

ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን በመጀመሪያ አስተኝቶ ለካ፤ ቀጥሎም አቁሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ ደገመ። የላይኛው ቍጥር በ20 ከወረደ ችግር አለ ማለት ነው፤ የእርሳቸው በ35 ወረደ። ነገሩ ሲጠየቅ፥ የግፊት መድኃኒትና ሽንት የሚያበዛ ክኒን እየዋጡ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱም ኖሯል። ሐኪሙ መጠኑንና ሰዓቱን አስተካከለላቸው፤ ማዞሩ ተዋቸው፥ እርጅናው ግን ያው አለ።

«ምነው ይህን ሳይነግሩኝ?» አልኋቸው።

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉኝ።