የባልንጀራን ልብ ስለ ማወቅ

ሰው የጎረቤቱን ነገር ሳይመረምር በጎረቤቱ ላይ ለመፍረድ ይፈጥናል። የሰማውን እንዳየ፥ የጠረጠረውን እንዳረጋገጠ አድርጎ ይናገራል። በራሳችን ላይ ሲፈረድ ግን ችግራችን ሁሉ እንዲታይልን እንሻለን። ለራሳችን የምንሻውን ትዕግሥት ለሌላው መንፈግ ፍቅርን ማጉደል ነው።

በደቡብ ወሎ ደጋ፥ በጃማ ደጎሎና በቦረና መካነ ሰላም ባለው አገር፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብተው ይኖራሉ። ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ሙስሊም ጎረቤቱን አይረሳም፤ ሙስሊም አራጅ ተጠርቶ ከብቱ ለብቻው እንዲታረድ፥ ድስቱም እንዲለይ ያደርጋል። ሙስሊሙም በፋንታው ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ሰው ሲሞት በብዙ ስፍራ በአንድ ቅሬ ተሰብስበው ይቀብራሉ፤ ኀዘንተኛውንም አብረው ያጽናናሉ።

በዚህ ልማድ ያለውን ትምህርት እናስተውል። ባለ ድግሱ ሃይማኖቱን አልለወጠም፥ አላላላምም፤ ነገር ግን እንግዳው ምን እንደሚበላ፥ በምንስ እንደሚከፋ አስቀድሞ አስቧል። ድስቱን የለየው ሰውየውን ከማዕዱ ላለመለየት ነው።

ይህ ማስተዋል ሲጐድል የሚሆነውንም ያው የወሎ ምድር አይቶታል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ የተዋሕዶ ሃይማኖት ጸናች፤ በዚህም ደስ ይለናል። ነገር ግን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በዐዋጅ ታዘዙ። ኋላ ንጉሥ የሆኑት መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ከሕዝቡ ግን የሸፈተው ሸፈተ፥ የተሰደደው ተሰደደ፤ በቀን ክርስቲያን በሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረም ነበረ። ዐዋጅ ፊትን ያዞራል እንጂ ልብን አያዞርም። ይህን መጻፋችን የቀደሙትን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛ ዛሬ እንዳንስት ነው።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ባስተማረው ምሳሌ፥ ቁስለኛውን አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ነበሩ፤ ቀርቦ ቁስሉን ያሰረለት ግን አይሁድ የሚንቁት ሳምራዊ ነበር። እንግዲህ ምሳሌው አስቀድሞ የሚነካው በመቅደስ የምናገለግለውን ነው።

ስለዚህ የነፍስ አባቶች የሆንን ቀኖና ከመስጠታችን በፊት የልጆቻችንን ነገር እስከ ፍጻሜው እንስማ። ጾም ሻረ የተባለው ደዌውን የደበቀ ሕመምተኛ ይሆናል፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች የተባለችውም የምትለብሰው ነጠላ ያጣች ትሆናለች። ምእመናንም ስለ ጎረቤታችን ክፉ ወሬ ስንሰማ ወሬውን ከማቀበላችን አስቀድሞ ደጁን ረግጠን፥ አጠገቡ ተቀምጠን፥ ከራሱ አፍ እንጠይቀው። ምናልባት ጥፋት እናገኝበት ይሆናል፤ ነገር ግን ጥፋቱን ከነችግሩ ያወቀ ሰው የሚመክረው እንደ ወንድም ነው።

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ይህ ስም የልባችንም ስም እንዲሆን እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።