የእናትህ አውራ ጣት

ልጄ፣ ትናንት ጳውሎስ ሆስፒታል ደጅ ቆመን «እማዬ እኮ ቀኑን እንኳ አታውቅም፤ የቤቱን ውክልና አስፈርመን ብንገላገልስ?» ያልከኝ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጬ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ጽፌአለሁና ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ አውቃለሁ።

ያነሣኸው የችሎታ ጥያቄ ነው። እኛ ሰፈር ችሎታ የሚባለው የእጅ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበቡን ያሳመረውን ሸማኔ «ችሎታ አለው» እንላለን። እናትህም እንደ ፀጉር የቀጠነ ፈትል ይፈትሉ ነበር፤ ዓይናቸው ሲደክም እንዝርቱን ተዉት። ሕጉ ችሎታ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ሰው በሕግ ፊት ራሱ መዋዋል መቻሉን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ ችሎታ አለው ብሎ ይነሣል፤ «የለውም» ያለ ራሱ ያስረዳል። ሆስፒታል መተኛትም ይህን አይነጥቅም። ሕጉ ለይቶ የሚያነሣው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የተኛን ሰው ነው፤ እናትህ የተኙት ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው።

ደግሞ ያልከው እርስ በርሱ ይጣላል። ነገሩ ካልገባቸው የጣት አሻራቸው ምን ይሠራልሃል? ከገባቸው ደግሞ ጠይቃቸዋ! ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ስገባ ቀኑን ማክሰኞ ነው አሉኝ። የእቁቡ ዕጣ ግን የማን እንደሆነ፣ ማን ሁለት ዙር እንዳልከፈለ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ቀን ጠፋበት ማለት ቤቱም ጠፋበት ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ወጣት ሳለሁ የቤት ሽያጭ ውል ጻፍኩ። ልጅየው የአባቱን አውራ ጣት ይዞ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ሽማግሌው ጣታቸውን አገላብጠው አዩና በጋቢያቸው ጠረጉት። «ምንድን ነው?» አላሉም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ። ልጅየውና ወንድሞቹ በዚያ ወረቀት ዓመታት ተካሰሱ።

አእምሯቸው በእውነት ደክሞ ቢሆን መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። እዚያም ቢሆን ዳኛው እሳቸውን ሳያይ ወይም ባለሙያ ልኮ ሳያስመረምር ከመዋዋል አይከለክላቸውም። አንተ ግን ገና እዚያ አልደረስክም። ውልና ማስረጃ ለታመመ ሰው ያለበት ድረስ ይመጣል፤ ሠራተኛው ከመመዝገቡ በፊት ራሱ ያናግራቸዋል። ከዚያ በፊት አንተ አናግራቸው። መድኃኒቱ ሳያደክማቸው፣ በጠዋት ሂድ። እህቶችህ ለጊዜው ውጭ ይቆዩ፤ ሦስት ሰው ከቧቸው እንዴት እንቢ ይላሉ? ወረቀቱን ቀስ ብለህ አንብብላቸው፤ ቤቱ ይሸጥ ወይስ ይከራይ፣ ማን ይያዘው፣ በራሳቸው አንደበት ይንገሩህ። እንቢ ካሉም ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ክተትና ቁርሳቸውን አብላቸው።

መነጽራቸውን እንዳትረሳ፤ ፊትህን ማየት ይፈልጋሉ።