አሞራዋ ጅግራ ብትሆንስ?

በሰፈራችን አንድ ሥጋ ቤት አለ። ባለቤቱ ባለፈው ዓመት በአካባቢያችን በተጠራ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ስለተቆፈረው መንገድ፣ ስለ መብራቱና ስለ መዋጮው ብዛት ተናገረ። መዋጮው ላይ ሲደርስ ድምፁ ከፍ አለ። «በውዴታ ነው እያላችሁ ዝርዝር ይዛችሁ የምትዞሩት ለምንድን ነው?» አለ። አዳራሹ አጨበጨበለት። በአራተኛው ቀን ጠዋት የሥጋ ቤቱ በር ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎ አየን። ታሽጓል። ምክንያቱም ተጽፏል፦ ያለ ደረሰኝ ሽያጭ።

ምክንያቱ ውሸት አልነበረም። እኔ ራሴ ለስድስት ዓመት ከዚያ ቤት ሥጋ ስገዛ ደረሰኝ የተቀበልኩት ምናልባት ሁለቴ ቢሆን ነው፤ ጠይቄም አላውቅም። ከጎኑ ያለው ግሮሰሪ፣ ፊት ለፊቱ ያለው የግንባታ ዕቃ መሸጫ፣ ማዞሪያው ላይ ያለው ቡና ቤትም ልማዳቸው ያው ነው። እነሱ ግን በዚያን ቀን ክፍት ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነገሩ ተነሣ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር «ይህ የደረሰኝ ጉዳይ አይደለም፤ የተናገረባቸው ቂም ነው» አሉ። እንጀራ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች ጎረቤታችን ተቆጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ግብሬን ተሰልፌ ነው የምከፍለው። አፉ ስለተከፈተ ጥፋቱ ይታለፍለት ነው የሚሉት?» «አይታለፍለት ልጄ። ግን ለምን እሱ ብቻ?» «ከአንዱ መጀመር አለበታ!» መምህሩ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለቱም እውነት የተናገሩ መሰለኝ፤ የረበሸኝም ይኸው ነው።

ለእንዲህ ያለው ነገር የተዘጋጀ ተረት አለን፦ ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል። ተረቱ የሚያዝነው ያለ ስሟ ስም ለተሰጣት ወፍ ነው፤ አሞራ አትበላም፣ ጅግራ ግን ትበላለች። ውሸቱ ያለው ስሙ ላይ ስለሆነ ስሙን ካጋለጥን ወፏ ትድናለች። ሥጋ ሻጩ ላይ ግን ስሙ ልክ ነው። ታዲያ ወፏ በእርግጥ ጅግራ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያሉት ጅግሮች ሁሉ ሳይነኩ እሷ ብቻ ስትታረድ፣ ምን እንላለን? ተረቱ እዚህ ላይ ጥሎን ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ዓይነት፣ የአሞራዋን ጉዳይ፣ በአጭሩ ልለፈው፤ በእሱ ላይ ብዙ ሰው ይስማማልና። በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1880 በእንጨት ቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያ የሚያሠራ ሁሉ ከከተማው ምክር ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ የሚያዝ ደንብ ወጣ። ለእሳት አደጋ ጥንቃቄ ነው ተባለ። ከከተማዋ 320 ገደማ ማጠቢያዎች 310 ያህሉ ከእንጨት የተሠሩ ሲሆኑ፣ 240 ገደማ የሚሆኑት የቻይናውያን ነበሩ። ፈቃድ የጠየቁት 200 ያህል ቻይናውያን በሙሉ ተከለከሉ፤ ቻይናዊ ካልሆኑት 80 ገደማ አመልካቾች ግን ከአንድ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ዪክ ዎ የተባለው ባለጉዳይ በዚያው ቤት 22 ዓመት ሠርቷል፤ ከእሳት አደጋና ከጤና ተቆጣጣሪዎች የተሰጠው ማረጋገጫም በእጁ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1886 ያለ ልዩነት ፈረደለት፦ በጽሑፉ ለሁሉም እኩል የሆነ ሕግ በአፈጻጸሙ አንድን ወገን ብቻ የሚመታ ከሆነ እኩልነትን ይጥሳል። ዪክ ዎ በምክንያትነት በተጠራው በእሳት አደጋ በኩል የሚነቀፍበት አልነበረም። አሞራዋ አሞራ ነበረች።

የእንጀራ ሻጯ ጎረቤቴ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። ጥፋቱን የማይክድ ሰው፣ ሌላው ስላልተያዘ ምን ተበደለ? አንድ ሌባ ሲያዝ ሌላው ቢያመልጥ የተያዘውን አንለቅቅም። መምህሩ የጠየቁት እኩልነት የሚያዘው የቀሩትን እንዲይዙ እንጂ እሱን እንዲለቁት አይደለም። ይህን መልስ በቀላሉ የምሻገረው መስሎኝ ነበር፤ ብዙ ቀን ይዞኝ ቆየ።

በመጀመሪያ እንዲህ ብዬ ሞከርኩ፦ መምረጥ በራሱ ክፉ ነው። አልሆነልኝም። ተቆጣጣሪ ሁሉንም በር በአንድ ቀን ሊያንኳኳ አይችልም። በዕጣ ይመርጣል፣ በንግዱ ትልቀት ይመርጣል፣ በጥቆማ ይመርጣል። ጥቆማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቂም ይመጣል፤ የተባረረ ሠራተኛ፣ የተጣላ ሸሪክ፣ ድርሻ ያልደረሰው ወንድም ነው የሚጠቁመው። የእነሱን ቂም ሕግ ከተቀበለው የሹሙን ቂም ለምን ይንቃል?

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አገኘሁ ብዬ አምናለሁ። የተባረረው ሠራተኛ ቂሙን ይዞ ቢመጣ በእሱና በማሸጊያው ወረቀት መካከል ሌላ ሰው አለ፤ የሚመረምር፣ እምቢ ማለትም የሚችል። ሹሙ ሲቀየም ግን ጠቋሚውም፣ መርማሪውም፣ አሻጊውም ራሱ ነው። ቂሙ ማንም ሳይመረምረው ማኅተም ይሆናል።

ጎረቤቴ ይህን ብነግራት የምትመልስልኝን አውቀዋለሁ። «ቢሆንስ? ማኅተሙ ያረፈው በእውነተኛ ጥፋት ላይ ነው።» ስለዚህ አንድ ደረጃ ወረድኩ። ሰውየው በአንድ ቅጣት ለሁለት ነገር ተቀጣ፦ ስላልሰጠው ደረሰኝና ስለተናገረው ቃል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ለተጻፈው ክስ መልስ አለው፤ ይከራከራል፣ ይከፍላል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ላልተጻፈው ክስ ግን ማን ፊት ቆሞ ይመልሳል? «ስለተናገርኩ ነው» ቢል «ማን ስለ ንግግርህ አነሣ? ደረሰኝህ የታለ?» ይባላል። በደሉ ይኼ ነው አልኩ፤ ያልተጻፈ ክስ መከላከያ የለውም።

ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጥያቄ አሰናከለኝ፦ ባይናገርም ኖሮ በዕጣ ደርሶበት ያው ቅጣት ቢወርድበትስ? ቅጣቱ ለደረሰኙ ብቻ እንኳ የሚገባ ከሆነ፣ ለንግግሩ ተብሎ ምን ተጨመረበት? በእሱ ላይ ምንም። ይህን መቀበል ነበረብኝ፤ ተቀበልኩት። በእሱ ላይ የደረሰው በደል እኔ ላሳየው እንደፈለግሁት ትልቅ ላይሆን ይችላል።

በሌሎቹ ላይ የደረሰው ግን ይቀራል። ግሮሰሪው፣ ዕቃ መሸጫውና ቡና ቤቱ ያለ ደረሰኝ መሸጥ እንደሚቻል፣ መናገር ግን እንደማይቻል በአንድ ጠዋት ተማሩ። ሕጉ ያስተማራቸው ከጻፈው የተለየ ነገር ነው። አባቶቻችን ጠበኞችን «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆሙ ነበር፤ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባልለታል። ቃሉ ያን ያህል ኃይል የነበረው ሕጉ ከጠሪውም ከተጠሪውም በላይ የቆመ ስለመሰላቸው ነው። አንዱ ወገን በኪሱ ይዞት የሚዞር ሕግ ከሆነ በስሙ ማንም አይቆምም፤ ይሸሸዋል እንጂ።

ለዚህ ደግሞ ሕጉ ራሱ ያግዛል። ማንም ሙሉ በሙሉ ሊያሟላው የማይችል መስፈርት ካለ ሁሉም ሰው ጅግራ ነው፤ የሚቀረው የማረጃው ተራ ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው የተቃወሙት ገንዘቡ ስለበዛባቸው ነበር። እኔን ግን ከገንዘቡ ይልቅ የግምቱ መንገድ ያሳስበኛል። መዝገብ በማይያዝበት ቤት የቀኑ ገቢ ስንት እንደሆነ የሚወስነው የገማቹ ዓይን ነው። ያ ዓይን ቢያደላ በምን ይታወቃል?

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ልደርስበት ያሰብኩት መደምደሚያ ግልጽ ነበር፦ ከፖለቲካ ቂም የመጣ እርምጃ ሁሉ ከሥሩ ይፍረስ። አሁን እንዲያ ለማለት አልደፍርም። ያስተወኝ የዩኮስ ታሪክ ነው።

የሩሲያው የነዳጅ ኩባንያ የዩኮስ ባለቤት ሚኻይል ኮዶርኮቭስኪ ተቃዋሚ ፓርቲዎችን በገንዘብ ይደግፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 ኖቮሲቢርስክ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ። በኩባንያው ላይ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የግብር ዕዳ መጣበት፤ ዋነኛ የማምረቻ ድርጅቱም በ2004 መጨረሻ ማንም ለማያውቀው አዲስ ድርጅት በጨረታ ተሸጦ፣ በቀናት ውስጥ የመንግሥት በሆነው በሮስኔፍት እጅ ገባ። ያየ ሁሉ ቂም ነው አለ። ጉዳዩ ስትራስቡርግ በሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወሰን ግን ዳኞቹ ያሉት እንደዚያ ቀላል አልነበረም። ግብር ለመቀነስ በሞርዶቪያና በካልሚኪያ የተመዘገቡት ድርጅቶች የይስሙላ ነበሩ፤ ዕዳው በመሠረቱ ሕጋዊ ነው አሉ። ጅግራ ናት ማለታቸው ነው። ሌሎች ኩባንያዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ሆነው ታልፈዋል የሚለውም፣ መንግሥት ሕጉን ለስውር ዓላማ ተጠቀመበት የሚለውም በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም አሉ። በሌላ በኩል ኩባንያው 43,000 ገጽ ያህል ሰነድ ለማየት የተሰጠው አራት ቀን ብቻ እንደነበር፣ ከቅጣቱ የተወሰነው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደተጫነበት፣ ዕዳውን ለማስከፈል የተሄደበት ፍጥነትም ከልክ ያለፈ እንደነበር ፈረዱ።

ዓለም ሁሉ አየሁት ያለውን ቂም ፍርድ ቤት ሊጨብጠው ካልቻለ፣ እኔ የሰፈሬን ሹም ልብ በምን ልመረምር ነው? ደግሞም «በፖለቲካ ተጠቃሁ» የሚለው ጩኸት ለተበደለው ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ የሕዝብ ገንዘብ የበላም ይጠለልበታል። ልብን መመርመር ለሰው አልተሰጠም። ዳኞቹ የጨበጡት በእጅ የሚጨበጠውን ነው፦ ስንት ቀን ተሰጠው፣ በምን ፍጥነት ተሸጠበት።

ከእነሱ ተምሬ አንድ ጠባብ መለኪያ ብቻ ይዣለሁ። በሩ ለምን እንደታሸገ መጠየቅ ብዙ አያደርሰንም፤ በምን እንደተከፈተ እንመልከት። ደረሰኝ ባለመስጠቱ የታሸገ ቤት የደረሰኝ መሣሪያ ሲያስገባና ቅጣቱን ሲከፍል ከተከፈተ፣ የአሻጊው ልብ ምንም ይሁን ምን ሥራውን የሠራው ሕግ ነው። በስልክ፣ በሽማግሌ፣ በመዋጮ ወይም በአባልነት ከተከፈተ ግን ደረሰኙ ሰበብ ነበር። ኮዶርኮቭስኪ ከአሥር ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ከእስር የወጣው ፍርድ ቤት ነፃ ብሎት አልነበረም፤ ለፕሬዚዳንቱ የምሕረት ደብዳቤ ጽፎ ነው።

በእኛም አገር የምናውቀው አለ። የያኔው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር መላኩ ፈንታ በግንቦት 2005 ዓ.ም. ከምክትላቸውና ከታወቁ ነጋዴዎች ጋር በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። አንዳንዶች ሌባ ተያዘ ብለው ተደሰቱ፤ ሌሎች የውስጥ ሽኩቻ ነው አሉ። አምስት ዓመት ያህል ከታሰሩ በኋላ በግንቦት 2010 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ አመራር በተለወጠ ማግሥት፣ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ።  እኔ ጥፋተኛ ነበሩ አልልም፤ ንጹሕ ነበሩም ለማለት ማስረጃ የለኝም። የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። በሩ የተከፈተው በፍርድ ስላልሆነ፣ ተበድለው ከሆነ መበደላቸው አልተረጋገጠላቸውም፤ ሕዝብ ተዘርፎ ከሆነም መዘረፉ አልተረጋገጠለትም።

መለኪያዬ ጉድለት እንዳለው አውቃለሁ። የሚሠራው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ታሽጎ እስኪከፈት ድረስ ሥጋው ይበላሻል፣ ሠራተኛው ይበተናል። ዕዳን በስምምነት ከፋፍሎ መክፈልን የመሰለ ቀና መንገድንም ከመሞዳሞድ ጋር ሊያምታታ ይችላል። ከዚህ የተሻለ ግን አላገኘሁም።

ሥጋ ቤቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተከፈተ። ባንኮኒው ላይ የደረሰኝ መሣሪያ ተቀምጧል፤ ሳልጠይቅ ቆርጦ ይሰጠኛል። በእኔ መለኪያ ሕግ ሠርቷል ማለት ነው፤ እንዲያ ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ሰውየው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እጁን ሳያወጣ ወጣ። ስለ መዋጮው የተነሣችው እንጀራ ሻጯ ጎረቤቴ ነበረች። ጥርት አድርጋ ጠየቀች፤ አዳራሹም አጨበጨበላት። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ እያጨበጨብኩ ግን በሐሳቤ የንግድ ፈቃዷን ማደሷን፣ የምትጋግርበት ቤት ውሉ በስሟ መሆኑን፣ የጎደለባት ወረቀት እንዳለ እቆጥር ነበር።