ወሬ መደበቅና ወሬ መቸኮል

ሀገር በተጨነቀች ጊዜ ጋዜጠኛ ምን ይበል? «ሕዝብ እንዳይደናገጥ ዝም ይበል» የሚሉ አሉ። ለዚህም ሱረቱ ኒሳእ 83ኛውን አንቀጽ ይጠቅሳሉ። እርግጥ አንቀጹ የሰላምም ሆነ የፍርሃት ወሬ እንደ ደረሳቸው የሚበትኑትን ይወቅሳል። ዳሩ ግን ወሬው ማመዛዘን በሚችሉት ዘንድ ይመርመር አለ እንጂ ይቀበር አላለም።

የወሎን ረሀብ እንመልከት። በ1965 ዓ.ም. ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲረግፍ የመንግሥት ጋዜጣና ሬዲዮ አፋቸውን ዘጉ። ጉዱን ለዓለም ያሳየው በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቀረበው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። ያው ፊልም ለኢትዮጵያ ሕዝብ በቴሌቪዥን የታየው መቼ ነው? መስከረም 1 ቀን 1967፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስል ጋር ተቀናብሮ! ለተራበው በሚጠቅምበት ጊዜ የተደበቀው ወሬ ለሥልጣን ሲጠቅም ወጣ። እውነት ነበር፤ አማና ግን አልነበረበትም።

ሁለተኛው የኛው ነው። በሐምሌ 2004 የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ። ጥር 28 ቀን 2005፣ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ፣ ኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘውን ፊልም አሳየ። ፍርድ ቤቱ የቅጣት ውሳኔውን የሰጠው በ2007 ነው፤ ተመልካቹ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ፈርዶ እንዲተኛ ተደረገ። መልስ ይሰጥ የነበረው «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸውም ያን ጊዜ እስር ላይ ነበር። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ አጣሩ የሚለው እንዲህ ያለ በደል እንዳይደርስ አይደለምን?

ሬዲዮው ሲያድበሰብስ ወሬ መንገድ አያጣም። ከአስኮ ታክሲ ተራ ተነሥቶ መስጊድ በር እስኪደርስ ያብጣል፤ ዛሬማ ቴሌግራምና ፌስቡክ ክንፍ ሆነውለታል።

በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ ፈተናው ለኛም ለሙስሊም ጸሐፊዎች መጣ። መቃጠላቸውን፣ የትና መቼ እንደሆነ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ዝም ማለት ተበዳይን ደግሞ መበደል ነውና። «ክርስቲያኖች አቃጠሉ» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እሳቱን የለኮሰው ሰው በሕዝብ መካከል ይሸሸጋል፣ እጁን ያላነሣው ጎረቤት በስሙ ይከሰሳል። አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ «ማን እንደሆነ ገና አልተጣራም» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ልብ የሞላውን ቁጣ አታረካም፤ ጋዜጣም አታሸጥም። ቢሆንም መጻፍ ያለባት እሷ ናት። ወላሁ አዕለም።