ስለ ነባር ተከራይ

በሰው ቤት ብዙ ዘመን የኖረ ተከራይ፣ የውሉ ጊዜ ሲያልቅ ከባለቤቱ ዘንድ የሚገባው ነገር አለን? ወይስ በዚያች ዕለት ሁለቱም እንደ እንግዳ ተያይተው ስለ ዋጋ ብቻ ይነጋገራሉ? ጥያቄው ሕግ ብቻ ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስል ይሆናል፤ ኅሊናውን ለሚጠይቅ ግን ቀላል አይደለም።

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ እንደ እኛ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በግለሰብ ግቢ ውስጥ በተከራያት አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው። ውሉም በአብዛኛው የቃል ነው። ዓመት ዓመትን ሲተካ ተከራዩ ከዕድር ይገባል፤ ልጁ ከባለቤቶቹ ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ይማራል፤ ቡና ሲፈላ ይጠራል። ይህ ሥር መስደድ ግን ኪራይ የሚጨመርበት ቀን ሲደርስ ለተከራዩ መመኪያ መሆኑ ቀርቶ መያዣ ይሆንበታል። ልጁን ከትምህርቱ አቋርጦ፣ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ለመሄድ እንደማይደፍር አከራዩ ያውቃልና።

ከዚህ ላይ ነገሩን መለየት ያስፈልጋል። የጤፍና የቆርቆሮ ዋጋ ሲወደድ ኪራይ ብቻ ባለበት ይቁም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ባሏ ሞቶባት ሁለት ክፍል አከራይታ የምትተዳደርን ሴት፣ ተከራይዋ «ብዙ ዘመን ቆይቻለሁና አትጨምሪብኝ» ቢላት፣ የራሱን ችግር በእርሷ ትከሻ ላይ መጫኑ ነው። ነገር ግን ጭማሪው የሚተመነው በኑሮ ውድነት ሳይሆን በተከራዩ መሄድ አለመቻል ሲሆን፣ የሚከራየው ቤቱ መሆኑ ይቀራል፤ ዋጋ የሚጠየቅበት ተከራዩ በመንደሩ ያፈራው ጉርብትና ነው። ይህንንም አከራዩ አልሠራውም።

ሕግ ነገሩን በየጊዜው ሞክሮታል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በወር እስከ 300 ብር የሚከፈልባቸውን ኪራዮች ቀነሰ። ተከራዩ ዕፎይ አለ፤ ኪራዩ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይነቃነቅ በመቅረቱ ለብዙው የቀበሌ ቤት ጣራውን የሚያድስለት ጠፋ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳይበልጥ ደነገገ። ይሁን እንጂ በክልሎች የሚሠራው እነርሱ በሚወስኗቸው ከተሞች ስለ ሆነ፣ በሌላው ሥፍራ ነገሩ ለሁለቱ ሰዎች የተተወ ነው።

የገጠሩ ሰው ይህን ጉዳይ ከከተሜው ይልቅ በቅርብ ያውቀዋል። የዓባይ ምንጭ ካለበት ከግሽ ዓባይ ጀምሮ ወደ ቡሬ በሚወርደው አገር ዝናቡ ብዙ በመሆኑ አፈሩ በብዙ ቦታ አሲዳም ነው፤ መድኃኒቱም ኖራ መበተን ነው። የኖራ ጥቅም በአንድ ክረምት አያልቅም፤ ለጥቂት ዓመታት ይዘልቃል። እንግዲህ የአንዲት አሮጊት መሬት የእኩል የሚያርስ ገበሬ፣ ለከርሞ መሬቱ በእጁ መቆየቱን ካላወቀ ኖራውን ገዝቶ የሚበትነው ለማን ነው? ባይበትን ሰነፍ አንለውም። መሬቱ የሚደክመው ግን በባለመሬቷ ላይ ነው፤ በየዓመቱ «እስኪ እናያለን» እያለች የምታቆየው ራሷን ጭምር እንደምትጎዳ ሳታስተውለው ነው። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ እስከ 30 ዓመት ማከራየትን ቢፈቅድም፣ ከዓመት ወደ ዓመት በቃል መዋዋል የለመደ ሰው ቀላል አይደለም።

በእኛ አስተያየት ነባር ተከራይ የሚገባው ቤቱ አይደለም፤ የድሮው ዋጋም አይደለም። የሚገባው ቀድሞ መስማት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በሰኔ የተነገረ ጭማሪና ልጆች ተመዝግበው መማር ከጀመሩ በኋላ በጥቅምት የተነገረ ጭማሪ፣ ብሩ አንድ ቢሆንም አንድ አይደሉም። በሰኔ የተነገረው ያስባል፣ ይደራደራል፣ ሌላ ቤት ያያል፤ በጥቅምት የተነገረው እሺ ከማለት በቀር መንገድ የለውም። ተከራዩም ቢሆን ዝውውር መጠየቁን ደብቆ፣ ደብዳቤው በደረሰው ማግሥት ቁልፉን አስረክቦ ቢሄድ፣ ባለቤቲቱ ክረምቱን በባዶ ክፍል ትከርማለች። ይህም በእኛ በመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ በብዛት የሚታይ ነውና፣ የወገን ነው ብለን አንሸፍነውም።