የቆመች መኪና፣ የሰው ሐቅ



በቆርቆሮ አጥር ሥር ወይም በአሮጌ ሸራ ተሸፍና ዓመታት ያስቆጠረች መኪና በአንድ ግቢ ጥግ ሳያዩ አልቀሩም። ብዙውን ጊዜ ቮልስ ናት። አባት በደህናው ዘመን ገዝተዋት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ተመላልሰውባት፣ አንድ ቀን "ነገ ትሠራለች" ተብላ ቆመች፤ ነገውም አሥር ዓመት ሆነ። ዶሮ ከሥሯ እንቁላል ይጥላል፤ ሕፃናት መሪዋን ይዘው ይጫወታሉ።

ዛሬ እነዚህን መኪናዎች ዞር ብሎ የሚያያቸው ሰው ቢበዛ አይደንቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ "ያቺን የአባባን መኪና በርካሽ ብናስነሣትስ?" ብሎ ቢመክር የሚያስወቅሰው አይደለም። እንዲያውም ንብረትን ማባከን በዲናችን የተጠላ ነውና፣ ልትሠራ የምትችልን መኪና ዝናብ ሲበላት ዝም ብሎ ማየቱ ነው ይበልጥ የሚያስጠይቀው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። "በርካሽ" ስንል የረከሰው ለማን ነው? ያተረፍነው ገንዘብ ከራሳችን ምቾት የተቀነሰ ነው ወይስ ከሌላ ሰው ሐቅ?

ቮልስን ምሳሌ ያደረግኋት በእርግጥ በትንሽ ወጪ መነሣት ስለምትችል ነው። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ራዲያተር የላትም፣ የውኃ ፓምፕም የላትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ስለሆነም መርካቶ ሱማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ መለዋወጫ መፈለግ ያባት ነው። ለዓመታት የቆመችን ሞተር ግን ባትሪ አስሮ ወዲያው ማስነሣት ስሕተት ነው። በሳልባትዮው የቀረው ቤንዚን ተበላሽቶ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ተቀድቶ ይወጣል፤ ካርቡራተሩ ተፈትቶ ይታጠባል። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨመርና ሞተሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። አሮጌው የሞተር ዘይት ይቀየራል፤ የምትፈልገው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የዘይት ወንፊቷም ታጥቦ ይመለሳል። ቀለሙ፣ የወንበሩ ልብስ፣ የፓራውልቱ ኒኬል ሁሉ ይቆይ። የተቀደደ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሄድ የባለቤቱ ትዕግሥት ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

ታዲያ ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት መኪናዋ የማን ናት?

አባት ወደ አኼራ ከሄዱ መኪናዋ ዕዳቸውና ኑዛዜያቸው ከተፈጸመ በኋላ የወራሾች ሁሉ ናት። ልጆች ትተው ከሞቱ ለሚስታቸው ከስምንት አንድ እጅ አላት፤ ሴቶች ልጆችም የታወቀ ድርሻ አላቸው፤ ያገቡትም፣ ጅዳ ወይም ቤይሩት ሄደው የቀሩትም። በየሰፈሩ የሚሆነው ግን እንዲህ ነው፦ በግቢው የሚኖረው ታላቅ ወንድም ከኪሱ አውጥቶ ያሠራታል፣ ይነዳታል፣ ዓመት ሲያልፍ የእሱ ሆና ትቀራለች። ሲጠየቅ "እኔ ባላሠራት ኖሮ ለብረታ ብረት በኪሎ የምትሸጥ ነበረች" ይላል። እውነቱን ነው። ያወጣው ወጪና የደከመው ድካም ሐቅ አለው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ይሁን እንጂ የአንዱ ልፋት የሌሎቹን ባለቤትነት አይሰርዝም። እኅትየው ዝም ማለቷም ፈቃድ አይደለም። እኅቶቻችን ብዙ ጊዜ ዝም የሚሉት ይሉኝታ ይዟቸው፣ "ለአንድ አሮጌ መኪና ወንድሟን ከሰሰች" እንዳይባሉ ፈርተው ነው። በይሉኝታ የተገኘ ዝምታ ደግሞ ሐላል ለማለት አያስደፍርም።

መላው ያን ያህል ከባድ አይደለም። መኪናዋ ሳትነካ፣ አቧራዋ እንኳ ሳይጠረግ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደቆመች ይገምታት። ከዚያ ድርሻው ይከፈላል፣ ወይም ባለድርሻው በአፉ ይቅር ይላል፤ ሊብሬውም ወደ አሠሪው ይዛወራል። ግምቱ ከጥገናው በፊት መሆኑ ለወንድምየውም ይጠቅመዋል፤ በኋላ የሚጨምርባት ዋጋ ያለክርክር የእሱ ነው። ከተጠገነች በኋላ የሚገመት ከሆነ ግን የአባት ብረትና የልጅ ልፋት ተቀላቅሎ መለያው ይጠፋል፤ ጠቡም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ባለቤትነቱ ተጣርቶ ሞተሩ የተነሣ ቀን ቤቱ እልል ይላል። ጎረቤት "ተነሣች እኮ!" እያለ ይወጣል። "ፍሬኗስ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ ባለሐቅ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ነገ መንገድ የሚያቋርጥ፣ ስሙን የማናውቀው የሰው ልጅ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ለዓመታት የቆመ እንደሆነ በውስጡ ያለው ውኃ ሲሊንደሮቹን ያዝጋል፣ ጎሚኒዎቹም ይደርቃሉ። ግቢ ውስጥ ሲረገጥ የያዘ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሊከዳ ይችላል። በድሮዎቹ ቮልሶች የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ ነበርና አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም እግር ያለ ፍሬን ይቀራል። ጎማም እንዲሁ ነው፤ ጥርሱ ቢያምርም እርጅና ያደርቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይገኛል፤ 2314 የሚል ከሆነ በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህን ማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም። የቤንዚን ቱቦውም ሲያረጅ ይሰነጠቅና የጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል፤ ብዙ ቮልስ በዚህ ሰበብ ተቃጥላለች። ቱቦው ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሽ ነው፤ የሚረሳውም እሱ ነው።

"አላህ ይጠብቀናል" እያሉ በደረቀ ጎሚኒ መንዳት ተወኩል አይደለም፤ ግመሉን ሳያስር የሄደ ሰው ሥራ ነው። "ቦሎ ተለጥፎላት የለም እንዴ?" የሚል ካለም፣ ቦሎው መንጃው ላይ የተቀመጠውን ሰው ኃላፊነት አያወርድለትም። ሸሪዓችን ሰውን መጉዳት የከለከለው ባለማወቅ የደረሰውን ጉዳት እንኳ ሳይከፈል እንዳያልፍ አድርጎ ነው፤ በስሕተት ሰው የገደለ ዲያ እንዳለበት እናውቃለን። እያወቀ የፍሬን ወጪ የቆጠበውማ እንዴት ይሆን?

ስለ ጋራዡም አንዲት ቃል። ዋጋው ሥራው ሳይጀመር ይነገር፤ ያለዚያ ሲያልቅ ጠጋኙ በድካሙ ላይ ይለምናል፣ ባለመኪናውም በዝምታው ይጠቀማል። በዘይት ተነክሮ ከሥሯ የሚተኛው ተለማማጅ ልጅም ምን እንደሚደርሰው መጠየቅ ነውር አይደለም።

ብዙዎች መኪናዋን የሚያስነሡት ግን ሊነዷት ሳይሆን ሊሸጧት ነው። ያኔ ባትላሜራው ዝገቱን በስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ይቀባል፣ መኪናዋም እንደ ሙሽራ ታበራለች። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ አሲዱ ሲያፈስ የታችኛውን ላሜራ ይበላዋል፤ ከላይ የሚታይ ነገር ግን የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙትን፣ ለነጋዴውም የተናገሩትን የማያውቅ ሙስሊም ያለ አይመስለኝም። የዛሬ ሻጭ "እንዳለች ግዛት ብዬዋለሁ፣ ተስማምቷል" ይላል። ከማንኛውም ነውር ነጻ ነኝ ብሎ በመሸጥ ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ሐነፊዎች ውሉን ሲቀበሉ ሌሎች ብዙዎች ነውሩን እያወቀ ለደበቀ ሰው አይረዳውም ብለዋል። ውሉን የተቀበሉትም ቢሆኑ እያወቁ መደበቅን ሐላል አላደረጉም። የኋላውን መቀመጫ አንሥቶ፣ ባትሪውን ፈቶ፣ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ለገዢው ለማሳየት አሥር ደቂቃ ይበቃል።