ሁለት ባላ ትከል፤ ለልጅ ግን ሦስት

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ አበው። ምክሩ የሚሰጠው ኑሮውን በአንድ ነገር ላይ ብቻ ለጣለ ሰው ነው። የመንዝ ገበሬ ገብሱን ውርጭ ሲመታበት በግ አውጥቶ ይሸጣል። የመርሐቤቴ ሰው ጤፉ ባይሰምርለት ማሽላው ይደርስለታል። ባላ ወጋግራ የሚሸከም መንታ ጫፍ ያለው እንጨት በመሆኑ፣ ቤት የሠራ ሁሉ ጣሪያ በአንድ ባላ እንደማይቆም ያውቃል። ተረቱ ከዚህ ዕውቀት የተወለደ የጥንቃቄ ምክር ነው።

ይህን ምክር ወደ ልጆች አንደበት እናምጣው። አንድ ልጅ ሦስት ቋንቋ እየሰማና እየተናገረ ቢያድግ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? እንደ ተረቱ ከሆነ ባላ በበዛ ቁጥር ቤቱ ይጸናል። ሌላው አባባል ደግሞ ከፊቱ ይቆማል፤ «ከሁለት ያጣ ጎመን»። ብዙ ወላጅ የሚፈራው ይህኛውን ነው። ልጄ የቤቱን ቋንቋ በቅጡ ሳይዝ፣ የትምህርት ቤቱንም ሳይጨብጥ፣ ሦስተኛ ቢጨመርበት ከሁሉም ሳይሆን ይቀራል ይላል። ይህ የልጁን ነገ ከማሰብ የመጣ ስጋት ስለሆነ ተገቢ መልስ ይገባዋል። ሁለቱንም አባባሎች በኑሮ እንፈትናቸው።

ፈተናውን ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ሳንርቅ መጀመር እንችላለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ልጅ ናቸው። አማርኛን ከቤተሰባቸው፣ ግዕዝን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አገኙ፤ የውጭ ቋንቋ በኋላ ተጨመረ። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላከው የኢትዮጵያ ልዑክ ጋር ሄዱ። በ1904 ዓ.ም. በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ከጎበኙ በኋላ ያዩትን በአማርኛ ጽፈው ለአገራቸው ሰው አቀረቡ። ግዕዙ የአባቶችን ጽሑፍ፣ የውጭው ቋንቋ የሌላውን ዓለም ኑሮ አሳያቸው፤ በአማርኛው ሁለቱንም ለወገናቸው አካፈሉ። ተረቱ ሁለተኛውን ባላ የሚፈልገው የመጀመሪያው ሲነቀል ነው። በኅሩይ ሕይወት ግን ሦስቱም ቆመው አንድ ጣሪያ ተሸከሙ። ተረቱ መታረም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ቋንቋ ለክፉ ቀን ብቻ የሚቀመጥ መጠባበቂያ አይደለም፣ በየቀኑ የሚሠራ ነው።

«ኅሩይ ልዩ ሰው ነበሩ፤ ተራው ልጅስ?» ይባል ይሆናል። ለዚህ ሐረርን ማየት ይበቃል። በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚያድግ የሐረሪ ልጅ ከእናቱ ጋር በሐረሪኛ፣ አትክልት ይዛ ከገባችው የገጠር ሴት ጋር በኦሮምኛ፣ ቢሮ ሲሄድ በአማርኛ ይነጋገራል። ቁርዓን ቤት ደግሞ ዓረብኛ ይጠብቀዋል፤ ሶማልኛም የሚጨምር አለ። ይህ ልጅ ልዩ ተሰጥዖ ኖሮት አይደለም። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ሰው፣ የራሱ ቦታና የራሱ ጉዳይ ስላለው ነው። ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ስለሚያስፈልገው ነው፤ ከአያቱ ተረት ለመስማት፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ለመጫወት፣ ገበያ ተልኮ ለመመለስ።

ልጅ የአንዱን ቋንቋ ቃል ከሌላው እየቀላቀለ ሲናገር ወላጅ ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም፤ ያጣውን ቃል ካለው ቋንቋ እየተበደረ ሐሳቡን መጨረሱ ነው። በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚያውቀው ቃል መጀመሪያ ላይ አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገር እኩያው ሊያንስ ይችላል። የሦስቱ ሲደመር ግን ጎዶሎ አይሆንም፤ ልዩነቱም በንባብና በጨዋታ እየጠበበ ይሄዳል።

አንድ ዘመን የውጭ ምሁራንም ሁለት ቋንቋ የሕፃንን አእምሮ ያደክማል ብለው ያስተምሩ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ፒልና ላምበርት የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳዋ ሞንትሪያል የ10 ዓመት ልጆችን አወዳድረው፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አጣምረው የሚያውቁት አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቋንቋ አእምሮን ምን ያህል ይስላል በሚለው ላይ ክርክሩ አልቆመም። የቀድሞው ፍርሃት፣ ቋንቋ ስለበዛበት የልጅ አእምሮ ይጎዳል የሚለው፣ ዛሬ ማስረጃ የለውም። የማያከራክር ጥቅምም አለ። ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ የሚያነበው መጽሐፍ፣ የሚሠራበት አገር፣ የሚወዳጀው ሰው ይበዛለታል። አንዱን ነገር በሦስት መንገድ መናገር እንደሚቻል ስለሚያውቅም፣ የእኔ አነጋገር ብቻ ትክክል ነው ከማለት ይርቃል።

ታዲያ «ከሁለት ያጣ ጎመን» ሐሰት ነው? አይደለም። ልጅ ከሁለት ሲያጣ የሚታይበት ቦታ አለ። የአርጎባን ሕዝብ ታሪክ እንመልከት። በሸዋና በወሎ ምሥራቃዊ ተረተር የሚኖረው አርጎባ ከጎረቤቶቹ አማርኛና ኦሮምኛ ተማረ፤ ለንግዱና ለጉርብትናው ጠቀመው። የራሱ ቋንቋ ግን በብዙ መንደር ከልጆች አፍ ጠፋ። እንደ ሾንኬና ጦለሃ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው ጠንክሮ የቆየው። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ደግሞ ልጁ «ቶሎ እንዲሠለጥን» ብሎ አማርኛውን የሚከለክል ወላጅ አለ። እናት ራሷ በማትመካበት እንግሊዝኛ ልጇን ታሳድጋለች፤ ልጁ የእናቱን የሐዘን፣ የቀልድና የምክር ቃል ሳይሰማ ያድጋል። አያቱ ስትመጣ የሚያወራበት ቃል ያጣል። ይህ ልጅ የተጎዳው ሁለተኛ ቋንቋ ስለተጨመረለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ስለተነቀለበት ነው። ተረቱ «አንዱ ሲነቀል» ሲል ማን እንደሚነቅለው አልነገረንም። ብዙ ጊዜ የሚነቅለው የገዛ እጃችን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው። የመጀመሪያው ባላ ጠልቆ ሳይተከል ሸክም አይጫንበትም። በ1999 ዓ.ም. ካትሊን ሂውና ባልደረቦቻቸው ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረቡት ጥናት ይህንን ያጠናክራል። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች፣ ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት በጥቅሉ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ክፍልፋይን በሚገባው ቋንቋ የተረዳ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የሚቀረው የእንግሊዝኛውን ስም መማር ነው። ሐሳቡንም ስሙንም በማያውቀው ቋንቋ የጀመረው ግን ሁለቱንም ይሸመድዳል፤ ከፈተና በኋላም ሁለቱንም ይረሳል።

አሁን ወደ ዓለም ከተማ እንመለስ። በአማራ ክልል የአዊ ልጅ በአገውኛ፣ የዋግ ኽምራ ልጅ በኽምጣንኛ፣ የከሚሴ ልጅ በኦሮምኛ ትምህርት ጀምሮ አማርኛና እንግሊዝኛ ይጨምራል። አማርኛ ተናጋሪው የመርሐቤቴ ልጅ ግን ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ በላይ የሚያስተምረው አልነበረም። ቋንቋው ሰፊ መሆኑ ሌላውን የመማር ዕድል አሳጥቶታል። የአገሪቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ2015 ዓ.ም. ሲታደስ፣ ተማሪ ከአፍ መፍቻው ሌላ አንድ ተጨማሪ የኢትዮጵያ ቋንቋ እንዲማር በር ከፍቷል። በሩ ከተከፈተ መግባት የእኛ ድርሻ ነው።

ለዓለም ከተማ ሦስተኛው ባላ ቅርብ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፣ ለሚን አልፎ፣ ሙከጡሪ ሲደርስ ገበያው በኦሮምኛ ይነጋገራል። የቤተ ክርስቲያኑ ጓሮም ሌላ ሀብት አለው። ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ መልእክተ ዮሐንስን፣ ከዚያም ዳዊትን የሚያነብ ሕፃን ግዕዝን በአንደበቱ ይዞታል። የሚጎድለው ትርጉሙ ነው፤ እሱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ቅኔ ቤት እስኪገባ ይጠብቃል። ያነበበው ምን ማለት እንደሆነ ገና በልጅነቱ ቢነገረው፣ ኅሩይን ያነጸው መንገድ ለብዙዎች ይከፈታል።

ወላጅ በቤቱ ቋንቋ ያለ ስስት ያውራ፤ ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ የዘመድ ታሪኩን ለልጁ ይንገር። መምህር ሦስተኛውን ቋንቋ በዘፈንና በጨዋታ ይጀምር፤ ሰዋስው በኋላ ይደርሳል። የመርሐቤቴ ትምህርት ቤቶች የኦሮምኛ መምህር ሲሹ ከጀማ ማዶ ወዳለው ሰላሌ ይላኩ፤ የሰላሌዎቹም የአማርኛ መምህር ሲፈልጉ ጀማን ይሻገሩ። በክረምት ዕረፍት ልጆች ወዲያና ወዲህ ማዶ ቢከርሙ፣ አንድ ዓመት በመጽሐፍ የማይገኘው በጥቂት ሳምንት ይገኛል። በዚህ አካባቢ ያለፉት ዓመታት ብዙ ደም አይተዋል፤ ብዙው ክፉ ነገር የተነገረውም ስለማናውቀው ጎረቤት ነው። የጎረቤቱን ቋንቋ በልጅነቱ የለመደ ሰው ግን ስለ ጎረቤቱ የሚወራውን ክፉ ወሬ ሳያጣራ አይቀበልም፤ ጠይቆ የሚረዳበት አንደበት አለውና።